መብራቱ አምሮ ጉድ ሊያፈላብን!

ዛሬ ስለ መኪና መብራት ላወራችሁ ነው፡፡ «ሴት ልጅ ምን አገባት?» እንዳትሉኝ ብቻ!

ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ኮሮላ አለችው፡፡ ቢጫ መብራቷ አስጠላውና ሶማሌ ተራ ሄዶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ኤል ኢ ዲ አምፖል ገዝቶ አስገባላት፡፡ «8000 ኬልቪን እኮ ነው!» እያለ ሲኩራራ ነበር የሰነበተው፡፡

አንድ ማታ ከደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ከፊታችን የመጣ አይሱዙ መብራቱን ደጋግሞ ብልጭ አደረገብን፡፡ እኛ እኮ ያበራነው አጭሩን ነው! አይሱዙው ወደ ዳር ወጣና አህያ ይነዱ ከነበሩ አንድ አባት አጠገብ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፡፡ ሹፌሩ ወርዶ «ወንድሜ፣ አንተ ታያለህ፤ እኔን ግን አሳወርከኝ» አለው፡፡ ወንድሜ ቃል አልወጣውም፡፡

በማግስቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠየቅን፡፡ ለካስ ኬልቪን የመብራቱን ቀለም እንጂ ጉልበቱን አይናገርም! ሃሎጂን 3200 ገደማ ስለሆነ ቢጫ ይላል፤ 6000 ነጭ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እየሰመየ ይሄድና ዓይን ይወጋል እንጂ መንገድ አያሳይም፡፡ ደግሞም ለሃሎጂን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤል ኢ ዲ ሲገባ ብርሃኑ ይበተንና የመጪውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል፡፡

እናማ ወገኖቼ፣ ለመኪናችሁ መብራት የተሠራውን ዓይነት አምፖል ግዙ፤ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ከግድግዳ ፊት አቁማችሁም ከፍታውን አስተካክሉ፡፡ ወንድሜ የድሮዋን ቢጫ መልሷል፡፡ አታምርም፤ ግን ማንንም አታሳውርም!