የመጀመሪያው መስታወት

አባታችን ከሥራ ስለወጣ፣ ባለፈው የክረምት ዕረፍት እኔና ታላቅ ወንድሜ እዚህ ጅቡቲ የሱቅ መስታወት ማጽዳት ጀመርን። ዕቃችን ሁለት ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ የጎማ መጥረጊያና ጨርቅ ነበር።

የመጀመሪያውን መስታወት በቀትር አጠብን። ሳሙናው ሳንጠርገው ደርቆ ዝንጉርጉር አደረገው። የሱቁ ባለቤት ምንም ሳይሉ ከፈሉን። ወንድሜ ደስ አለው፤ እኔ ግን አፈርኩ።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ተመለስን። ነፋሱ ያመጣውን አቧራና የባሕሩን ጨው አስቀድመን በንጹሕ ውሃ አወረድን። ከዚያ በሳሙና አጥበን ከላይ ወደ ታች ጠረግን፤ ጎማውንም በየጊዜው በጨርቅ አደረቅን።

«ደግሜ አልከፍልም» አሉን እየሳቁ።

«የትናንቱን ልንጨርስ ነው የመጣነው» አልናቸው።

አሁን በየሳምንቱ ይጠሩናል፤ ለጎረቤቶቻቸውም ነግረውልናል። የዘንድሮን ደብተር የገዛነው በዚያ ገንዘብ ነው።