የምጣዱ ድምፅ

ሌጎስ፣ ሰኞ ማለዳ

የመጣሁበት የሥራ ስብሰባ ዓርብ አልቋል፤ ወደ አዲስ አበባ የምመለሰው ግን ሐሙስ ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ባሳልፈው የሚፈርድብኝ አልነበረም። እኔ ግን ይኸው ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ኤቡቴ ሜታ ባቡር ጣቢያ ተገኝቻለሁ። ያመጣኝ ስድስት ገጽ ወረቀት ነው።

በስብሰባው አዳራሽ ኮሪደር ላይ ተማሪዎች የምርምር ሥራቸውን በትልልቅ ወረቀት አትመው ለጥፈው ነበር። አንዲት ልጅ ከካሳቫ ስለሚሠራው ምግብና በውስጡ ስለሚቀረው የሳያናይድ መጠን አስረዳችኝ። ሃያ ዓመት በምግብ ላቦራቶሪ የሠራሁ ነኝና ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረብኩባት፤ አንዱንም ሳትስት መለሰች። ልሰናበታት ስል የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «አንቲ፣ ጊዜ ካለዎት ይህንንም ያንብቡልኝ» አለችኝ። ሌላ ጥናት መስሎኝ ተቀበልኳት። ማታ ሆቴል ገብቼ ስገልጠው አጭር ልቦለድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጋሪ ስትቆላ የኖረች አሮጊት ጆሮዋ ይደነቁራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትቆላው ሁሉ ያርርባታል። ለምን እንደሚያርር ግን ለልጆቿ አትናገርም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በማግስቱ ደወልኩና አሮጊቷ እውነተኛ ሰው መሆኗን ጠየቅኳት። «መጥተው ይዩ» አለችኝ።

ጋሪ ለእኛ ጆሮ ፈረስ የሚጎትተው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ግን ከካሳቫ ሥር የሚሠራ፣ ከቅንጬ የደቀቀ፣ የተቆላ ምግብ ነው። በፈላ ውኃ ሲያማስሉት ኤባ የሚባል ገንፎ ይወጣዋል። ተማሪ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ስኳርና ለውዝ ጣል አድርጎበት ይበላዋል። ካሳቫን በብዛት በማምረት በዓለም አንደኛዋ ናይጄሪያ ናት።

አቤኦኩታ፣ ሰኞ ከሰዓት

ከሌጎስ ኢባዳን የሚዘልቀው የባቡር መስመር 157 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሐዲዱን የዘረጋው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ያለውን የእኛን መስመር የሠራው የቻይና ኩባንያ መሆኑን ሳስታውስ ወንበሩም መጋረጃውም የማውቀው መሰለኝ። የአቤኦኩታ ጣቢያ የተሰየመው በዎሌ ሾይንካ ስም ነው። ሾይንካ እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 ተወለደ፤ በ1986 ደግሞ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። በደራሲ ስም የተጠራ ባቡር ጣቢያ ላይ ስወርድ ልቤ ሞቅ አለ፤ ይህን አልደብቅም።

ልጅቷ መውጫው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እንደ ዮሩባ ልጆች ወግ ጉልበቷን አጥፋ ሰላም አለችኝ፤ እኔም ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። ስሟን እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። ትምህርት ክፍሏ ውስጥ «ልቦለድ ጸሐፊዋ» መባል ጀምራለች፤ አባባሉ ደግሞ ምስጋና አይደለም።

ዕድሜዋ 23 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በተቋቋመው በዚህ ከተማ የፌዴራል እርሻ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የሞላችው ሕክምና ነበር፤ የደረሳት ይኼ ሆነ። «የመጀመሪያውን ዓመት አልቅሼ ጨረስኩት» አለችኝ። በ2022 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለስምንት ወራት ሥራ ሲያቆሙ ተማሪው ሁሉ ቤቱ ገባ። እሷም ወደ አያቷ መንደር ሄደች። የአያቷ ጓደኞች ጋሪ ይቆላሉ። መብራት በሌለበት ማታ በስልኳ መጻፍ የጀመረችው ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት አምስት ታሪክ ይዛ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ኮርስ ወደቀች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረችኝ።

ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠይቃትን እኔም ጠየቅኳት፦ «በመጨረሻ የቱን ትይዣለሽ?»

ወዲያው አልመለሰችም። ከመስኮቱ ማዶ የኦሉሞ አለት ይታያል። አቤኦኩታ ማለት «ከአለት ሥር» ማለት ነው፤ ከአለቱ እግር ጀምሮ የዛጉ የቆርቆሮ ጣራዎች ተንጣለዋል። ጥቂት ቆይታ የአገሯን ደራስያን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሲፕሪያን ኤክዌንሲ ፋርማሲስት ነበር። ኤሌቺ አማዲ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፊዚክስና ሒሳብ ነው፤ የመጀመሪያ ልቦለዱን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተመ። ቺኑዋ አቼቤ ሕክምና ሊማር ገብቶ ጥሎት ወጣ። «ሁሉም የአቼቤን ይነግረኛል» አለች፤ «የአማዲን የሚነግረኝ የለም።»

አቼቤ የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው አርታዒ እንደነበረ፣ በዚያው ተከታታይ ውስጥ የእኛዎቹ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምና ዳኛቸው ወርቁም እንደታተሙ ነገርኳት። የዳኛቸውን ስም ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋ

መንደሯ ከከተማው አርባ ደቂቃ ይርቃል። ከመኪና ሳንወርድ ሽታው ተቀበለን፤ የኮመጠጠ፣ ከጭስ ጋር የተቀላቀለ። ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆን ኖሮ ቆጮ የሚጨመቅበት የጉራጌ ጓሮ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

«ኤ ኩ ኢሼ» አለች ልጅቷ ተንበርክካ። ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ሰላምታ ነው፤ የእኛው «በርቱ» ማለት ነው። ሴቶቹ አንድ ላይ መለሱላት።

መጠለያው አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ነው። በአንድ በኩል ስድስት ሴቶች የካሳቫ ክምር ከበው ይልጣሉ፤ ቢላቸው ከማለቁ የተነሳ ጣት አክሏል። የተላጠው ታጥቦ በሞተር ወደሚሠራው መፈግፈጊያ ይገባና ነጭ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ሊጡ ጆንያ ውስጥ ይታሰርና በሁለት ሳንቃ መሀል ይጨመቃል፤ መጭመቂያቸው የመኪና ክሪክ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን እንደተጨመቀ ይብላላል። ከጆንያው የሚወርደውን ውኃ አንዷ በሳፋ ትቀበላለች፤ ሲረጋ ከሥሩ እንደ ቡላ ነጭ ስታርች ይዘቅጣል። ቡላ ከእንሰት እንዴት እንደሚወጣ ስነግራቸው ልጅቷ ተረጎመችላቸው። አንዷ እናት ጉልበቷን መታ አድርጋ ሳቀች፤ ሩቅ አገር ያለች እህቷን ዜና የሰማች ነው የመሰለችው።

ይህ ሁሉ ድካም ለጣዕም ብቻ አይደለም። ካሳቫ ሊናማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ሊናማሪንን የሚሰብረው ኢንዛይም በዚያው ሥር ውስጥ ቢኖርም ሁለቱ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። ሲፈገፈግ ሕዋሱ ይቀደድና ይገናኛሉ፤ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣል። የዚህ መርዝ ከፊሉ ከሚጨመቀው ውኃ ጋር ይወርዳል፤ 26 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የቀረው ምጣዱ ላይ ይተናል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለጋሪ የሚፈቅደው በኪሎ ግራም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በድርቅና በጦርነት ጊዜ ሰው ሲቸኩል፣ ጆንያው በወጉ ሳያድር ሲበላ ምን እንደሚከተል በኮንጎና በሞዛምቢክ ታይቷል። ኮንዞ ይሉታል፤ ጤነኛውን ሰው በድንገት እግሩን የሚይዝ፣ የማይለቅ በሽታ ነው። እኛ ይህን የሚመስል ሌላ ሕመም እናውቃለን። በክፉ ቀን ጓያ ብቻ በልተው እግራቸው የተሰበረ ሰዎች በየገጠሩ አሉን። ለልጅቷ ስለ ጓያ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

የልቦለዱ አሮጊት እውነተኛ ናት፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ሰፊ የብረት ምጣድ ፊት በዝቅተኛ ዱካ ተቀምጣ፣ በቅል ስባሪ እያገላበጠች ትቆላለች። ጭሱ ዓይኗን አቅልቶታል። ልጅቷ አጠገቧ ተንበርክካ ቴርሞሜትሩን ትሰካለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ትጽፋለች። እኔም ከኋላ ቆሜ እመለከታለሁ። መጀመሪያ እርጥቡ ፍርፋሪ በምጣዱ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ የታፈነ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሻ... ሻ... ይላል። አሮጊቷ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ ደረቅ አሸዋ በወንፊት ሲነፋ ዓይነት ሆነ። ያኔ አንድ ቃል ተናግራ ጋሪውን ወደ ዳር ጠረገችው።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹ተናገረ› አለች» አለችኝ ልጅቷ።

ናሙናውን በከረጢት አሰርን። በኋላ በላቦራቶሪ ሲለካ እርጥበቱ 9 ከመቶ ወጣ፤ ደረጃው የሚፈቅደው እስከ 12 ነው። ልጅቷ «ተናገረ» የሚለውን ቃል የመመረቂያ ጽሑፏ ረቂቅ ውስጥ አስገብታው ነበር፦ የሚቆሉት ሴቶች መድረሱን በድምፅ እንደሚያውቁ፣ ቃሉም ምን እንደሆነ። አማካሪዋ በቀይ ሰርዞ «ይህ ልቦለድ አይደለም» ብሎ መለሰላት። ረቂቁን አሳይታኛለች። ከሙያዬ ተነስቼ ስፈርድ ስረዛው ስህተት ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት መንደር ሰውን ከመርዝ ሲጠብቅ የኖረው ይህ ጆሮ ነው፤ የመለኪያ ዘዴ ደግሞ በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አለው። እሷ ግን አልተከራከረችም። የተሰረዘውን አንቀጽ ይዛ ሄዳ ስድስት ገጽ ልቦለድ ጻፈች።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ

ሳያናይዱን የምትለካው በቢጫ ወረቀት ነው። ፒክሬት በሚባል ኬሚካል የተነከረች፣ ጣት የምታህል ወረቀት ከናሙናው ጋር ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች፤ ብልቃጡ ተከድኖ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። መርዝ ካለ ቢጫው ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዛሬ ያዘጋጀችው 18 ብልቃጥ ነው፤ ከየደረጃው ሦስት ሦስት፣ ከጥሬው እስከ ተቆላው።

ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ልቦለዶቿን አሁን የምትጽፈው በዚህ ሰዓት ነው። ሁለቱን እንዴት እንደምታስኬድ ስጠይቃት ስለ ጊዜ አጠቃቀም ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ የነገረችኝ ስለ ብልቃጥ ነው፦ «ወረቀቱ ቀለሙን እስኪቀይር ማንም አይፈልገኝም።»

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በስልኳ ብርሃን ቀጠለች። በአውራ ጣቷ ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ታጠፋለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ባለፈው ዓመት አንድ መጽሔት ታሪኳን ተቀብሎ አትሞላት ነበር፤ ክፍያውን ግን እስካሁን እየጠበቀች ነው። ለፒክሬቱ ወረቀትና ለኬሚካሉ የምታወጣው ከምግቧ ቀንሳ ነው። እናት ብሆናት ተኚ እላት ነበር። አላልኳትም፤ ሻይ አፈላሁላት።

ሲነጋ ክዳኖቹን አብረን ከፈትን። የጥሬው ወረቀት የቡና አተላ መስሏል። የተፈገፈገው ቀላ ብሏል። አሮጊቷ የቆላችው ጋሪ ያደረበት ወረቀት ማታ እንደገባ ቢጫ ነው። ልጅቷ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ዝም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ቁጥሩን ለማውጣት ወደ መሣሪያው ወሰደቻቸው።

ረቡዕ

ከመሄዴ በፊት ኢቶኩ ገበያ ወሰደችኝ። አዲሬ የሚባለው ሰማያዊ ጨርቅ የሚሸጥበት ነው። አንደኛው ዓይነት የሚሠራው በካሳቫ ነው፦ የስታርቹን ሙጫ በዶሮ ላባ እየነከሩ ጨርቁ ላይ ንድፍ ይስሉበታል፣ ከዚያ ኢንዲጎ ውስጥ ይነክሩታል፣ ሙጫው ያረፈበት ቀለም ሳይዝ ይቀራል። አንድ ሜትር ተኩል ገዛሁ።

ጣቢያው ላይ ባቡሩን ስንጠብቅ የሷ ተራ ሆነ፤ ስለ እንጀራ ትጠይቀኝ ጀመር። እርሾውን፣ ስንት ቀን እንደሚያድር፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ውኃ ለምን እንደሚደፋ፣ አብሲት ለምን እንደሚገባበት። ፒኤች ስነግራት ጻፈች። ቀጥላ «እናትዎ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ኩፍ ሲል» አልኳት።

«ኩፍ» አለች። ደገመችው፤ ከንፈሯን አሞጥሙጣ። «ይሰማል ወይስ ይታያል?»

ባቡሩ ገባ። ተቃቀፍን፤ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። መስኮቱ ጋ ስቀመጥ መሳፈሪያው ላይ ቆማ አሁንም አፏ ይንቀሳቀሳል። ኩፍ፣ ኩፍ።

አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ

እናቴ ቡሃቃውን ማድ ቤት ጥግ፣ በነጠላ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ገና አልጠራችኝም፤ ምጣዱን እያሟሸች ነው። ነጠላውን ገለጥኩና ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ ሊጡ አስጠጋሁ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አለችኝ ከኋላዬ።

እጄን አንስቼ ዝም እንድትልልኝ ለመንኳት።