የፎገራ ላምና ወረታዋ

በጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ ጉማራና ርብ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው የሚያጠጡት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ስሙም ፎገራ ይባላል። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዞቹ ዳርቻቸውን አልፈው ሜዳውን ይሸፍኑታል፤ ሐይቁም በበኩሉ ሞልቶ ይገፋል። ጥቅምት ሲጠባ ግን ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ በሸሸበትም ስፍራ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ለምለም ሣር ያወጣ ነበር። ፈርዖን በሕልሙ ከወንዝ ወጥተው በመስክ ሲሰማሩ ያያቸውን የሰቡ ላሞች ለማሰብ የፈለገ ሰው፣ የቀድሞውን ፎገራ በኅዳር ወር ማየት ይበቃው ነበር። በዚህ ውሃና በዚህ ሣር መካከል ከጥንት ጀምሮ የኖረ አንድ የከብት ዘር አለ፤ እርሱም በሜዳው ስም የፎገራ ከብት ተብሎ ይጠራል።

የጎንደርና የጎጃም ሰው ይህን ከብት ከሩቅ ያውቀዋል። መልኩ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ጥቁርና ዳለቻ የተቀየጠ ነው፤ ቀንዱ አጭር፣ ሻኛው መካከለኛ፣ አካሉም ደንደን ያለ ነው። የከብትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሳንጋ የሚባለው ጥንታዊው የአፍሪካ ከብት ከእስያ ከመጣው ባለ ትልቅ ሻኛ ከብት ጋራ ተደባልቆ በአገራችን ልዩ ልዩ ዘሮችን አስገኝቷል፤ የፎገራውም ከብት ከወለጋው ሆሮና ከትግራዩ አራዶ ጋራ በዚሁ ወገን ይቈጠራል። (በእኛ ዘንድ ሳንጋ ማለት ለእርድ የተቀለበ በሬ ነው፤ የሊቃውንቱ ሳንጋ ግን የዘር ስም ነውና አንዱ ከአንዱ አይደባለቅ።)

ነገር ግን ዘሩን ለይቶ ያወጣው የሊቃውንት መዝገብ አይደለም። ውሃው ነው፤ ከውሃውም ጋራ የኖረው ገበሬ ነው። በረግረግ መቆም ያልቻለ ከብት ሞተ፤ የቻለው ወለደ። ዝንብና አልቅት፣ በረግረግ ሣርም ላይ የሚገኘው የጉበት ትል ያሸነፈው አለቀ፤ የታገሠው ተረፈ። ከተረፉትም መካከል ገበሬው የደኅና ታላቢቱን ላም ጥጃ፣ ቀንበር ከማይጠላው በሬ የተወለደውንም ወይፈን ለዘር አስቀረ። ይህም ማለት በሽታ አይነካውም ማለት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት በፈጀ ጊዜ፣ ከብቱን ተከትሎ ሰውም በረኃብ አልቋል፤ ያንንም ዘመን አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለውታል። ያ በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁሉ እልቂት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው ሜዳውን እንደ ገና የሞሉት።

ከወረታ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አለ። ፊደል አልቈጠረም፤ የላሞቹን ትውልድ ግን እስከ ሰባተኛዪቱ እናት ድረስ ያለ ስሕተት ይዘረዝራል። ዛሬ የቀሩለት አንዲት ቡሬ ላም፣ ከእርስዋ የተወለዱ አንድ ወይፈንና አንድ ጥጃ፣ ሁለትም የእርሻ በሬዎች ነበሩ። የቤቱ ሕፃናት በላሚቱ ሆድ ሥር ያለ ፍርሃት ያልፋሉ፤ አትረግጥም፣ አትወጋም። ገራምነት የዘሩ ሁሉ ጠባይ ነው። ሽማግሌው እንደሚለው ግን ገራምነቷ የሞኝ ገራምነት አይደለም፤ የማታውቀው እጅ ቢነካት ወተቷን ትይዛለች፤ ጥጃዋም ቀድሞ ካልጠባና ከአጠገቧ ካልቆመ ጠብታ አትሰጥም። ስለዚህ የምታልባት የቤቱ እመቤት ብቻ ናት። ቅሉን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ጥጃውን ትለቅቃለች፤ አፉ አረፋ በያዘ ጊዜ ስባ ከእናቱ የፊት እግር አጠገብ ታስረዋለች፤ እናትም ልጇን እየላሰች ትታለባለች። ጥጃው የሞተ እንደ ሆነ ቆዳውን በገለባ ሞልተው ያቀርቡላታል፤ ላሚቱ ታውቅ እንደ ሆነ ወይም አውቃ እንደምትታገሥ የሚነግረን የለም። በተለመደው አያያዝ የሚገኘው ወተት በቀን 2 ወይም 3 ሊትር ያህል ነው። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

እንክብካቤውም በዓመቱ ወራት የተከፈለ ነበር። ሐምሌ ሳይገባ ከብቱ ጎርፉን ሸሽቶ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ጎርፍ የቀደመው እረኛም የበሬውን ጅራት ይዞ በዋና ይሻገራል። ሜዳው በጠነከረ ጊዜ ይመለስና የሣሩን እርጥበት እየተከተለ በበጋ እስከ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። አልቅት በአፍንጫው የገባበትን ከብት ትምባሆ የተዘፈዘፈበት ውሃ ያንቈረቍሩበታል። ማታ በበረቱ ደጅ ኩበት ያጨሱለታል፤ ዝንቡ ይሸሻል። ጨው ያልሱታል፤ የጠላ አተላ ከተገኘም ይሰጡታል። የጉበት ትል ግን በትምባሆም በአተላም አይወጣም፤ ለእርሱ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ያስፈልጋል። ሽማግሌው ይህን የተማረው ሁለት ጊደሮች ከሞቱበት በኋላ ነው፤ ዛሬም ስለ እነርሱ ሲጠየቅ ወሬውን ይለውጣል።

እንስሳን እንዲህ በትውልድ ቈጥሮ የሚይዝ የፎገራ ሰው ብቻ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ፣ በሞሮኮና በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሊቢያ፣ ስሉጊ የሚባል እግሩ የረዘመ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ጠጕሩ ያጠረ አዳኝ ውሻ አለ። በማሽተት ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ጥንቸልንና የሜዳ ፍየልን ያሳድዳል። ሌላው ውሻ በደጅ ሲያድር ስሉጊ ከባለቤቱ ጋራ በድንኳን ውስጥ ይተኛ ነበር፤ ለጌታው የቀረበ፣ ለባዕድ ሰው ግን ቍጥብ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን በሩጫ ውሻ ማደን በሕግ ሲከለከል፣ በኋላም ጠመንጃ ሲበዛ፣ የስሉጊ ቍጥር ተመናመነ። ውሻውን የጠላው ሰው አልነበረም፤ ሥራው ግን ከእጁ ተወሰደ።

በፎገራም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ ሩዝ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ተሞከረ፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም በዚህ ነገር እጃቸው ነበረበት። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው በደራ ካለችው ከጅግና ቀበሌ ነው። ቀድሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለእህል የማይረባ ይባል ነበር፤ ሩዝ ግን ውሃውን ወደደው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሩዝ በተነሣ ቍጥር ፎገራ ይጠራል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ቆሟል። ሩዝን የሚከስስ ሰው በመጀመሪያ ከሩዝ በፊት በየክረምቱ የተራበውን ቤት ይጠይቅ። በሩዝ ገንዘብ ቤቱን በቈርቈሮ የከደነ፣ ልጁንም ያስተማረ ገበሬ ብዙ ነው። ወደ አዲሱም ቤት የሚገባ እንግዳ እንደ ጥንቱ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመርቃል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ቤቶች እምቦሳ የሚታሰርበት ቦታ አልተሠራም።

ሩዙ የበቀለው በሣሩ ቦታ ላይ ነውና። ከሩዝ የተረፈውን ግጦሽ አሜኬላ የሚሉት እሾኻም አረም ወረረው፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እንቦጭ ታየ። ከብቱ ዛሬ በአብዛኛው የሚበላው የሩዝ ገለባ ነው፤ እርሱም ደረቅ፣ ኀይሉም ጥቂት ነው። ዩሪያ በውሃ በጥብጠው በገለባው ላይ ረጭተው፣ አፍነው ለሦስት ሳምንት ያህል ቢያቆዩት እንደሚለሰልስ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዩሪያ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ገበሬውም ያገኘውን ዩሪያ ለሩዙ ይሰጣል።

ሌላው መንገድ ማዳቀል ነው። ሆልስታይን ፍሪዥያን ከሚባለው የአውሮፓ ዘር ጋራ የተዳቀለች ላም ከፎገራዪቱ እጥፍ ድርብ ትታለባለች፤ እዚህ ላይ የከተማው ሰው ሳቅ ትክክል ነው። ድርቆሽና ፋጉሎ ሳይቋረጥ ለሚያቀርብ፣ ሐኪምም ቅርብ ላለው ሰው ይህች ላም ትሻላለች። በረግረግ ውላ ገለባ በልታ እንድታድር የተፈረደባት እንደ ሆነ ግን ወተቷም ራስዋም ይጠፋሉ። ደግሞም ለማዳቀል ቢሆን እናቲቱ የፎገራ ላም መሆን አለባት፤ ሁሉ ከተዳቀለ በኋላ መነሻዪቱ ከየት ትመጣለች? በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ በቻግኒ በኩልም የመተከል የከብት ማርቢያ፣ የፎገራን ዘር ለይተው በማርባት ደክመዋል፤ ድካማቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በአጥር ውስጥ የሚጠበቅ መንጋ ጎርፍና አልቅት አይመርጡለትም፤ ሰባት እናቶችንም በቃሉ የሚቈጥርለት ሽማግሌ የለውም።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር የዚህ የተባለው ሽማግሌ ልጅ አባቱን እንዲህ አለው፤ «አባቴ፣ ወይፈኑን ይሽጡት። አያርስ፣ አይታለብ፤ እኛም ሣር የለን። በገንዘቡ የውሃ ሞተር እንግዛ፤ ሽንኩርቱ በጥም ሊደርቅብን ነው።»

ልጁ የተናገረው እውነት ነበር። ሽማግሌውም ቃል ሳይመልስ በገበያው ቀን ወይፈኑን አስሮ ወጣ፤ ከሁለቱ በሬዎች አንዱንም አብሮ ነዳ። ለምን እንደ ጨመረው ለልጁ አልነገረውም።

የወረታ ከተማ ስም በቋንቋችን የውለታ ምላሽ የሚል ፍች አለው፤ ቅኔ የሚቈጥር ሰው በዚያ ገበያ ቢቆም፣ የፎገራ ላም ወረታዋን በወረታ ታገኝ እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ነጋዴ መጥቶ የወይፈኑን ሻኛ ጨበጠ፣ ጎኑንም ዳሰሰ።

«አባት፣ ስንት ይላሉ?»

«ለዘር ነው ወይስ ለሥጋ?»

«ለዘርማ ማን ይገዛዋል ብለው ነው? ቀልበን አዲስ አበባ እናወርደዋለን እንጂ።»

ነጋዴው ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨመረ። ሽማግሌው ግን የወይፈኑን ገመድ ከነጋዴው እጅ መልሶ ተቀበለና የበሬውን ገመድ ሰጠው። ልጁ «አባቴ፣ በምን ልናርስ ነው?» አለ። «ከጎረቤት ጋራ መቀናጆ እንገባለን» ሲል መለሰ። መቀናጆ የገባ ሰው በተራው እንጂ በወቅቱ እንደማያርስ፣ ሩዝም ተራ እንደማይጠብቅ፣ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሲመለሱ ልጁ የሞተሩን ገንዘብ በብብቱ ይዞ ፊት ፊት ሄደ፤ ሽማግሌው ወይፈኑን እየሳበ ተከተለ። ከቤታቸው በደረሱ ጊዜ ቡሬዪቱ ላም ልጇን አሽትታ ዝም አለች። የቀረው በሬ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ወደ በረቱ በር ዞሮ ቆሞ ነበር።