ክንፉን ለማየት



ባለፈው ታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቁርኣን የማስቀራቸውን 12 ልጆች ይዤ ከአዳማ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሄድኩ። ፈጅርን ሰግደን ነበር የተነሳነው።

ለጉዞው ሰበብ የሆነው ሱረቱል ሙልክ ነው። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ስለ ወፎችና ስለ ክንፎቻቸው የሚያወሳውን አያ ግን፣ እኔም በዕድሜያቸው እንዳደረግሁት፣ በዜማ ብቻ ያልፉታል። ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማርኩ ነው ያደግሁት፤ ወፎች በየዓመቱ አገር አቋርጠው እንደሚሰደዱ የነገረኝ የሳይንስ መምህሬ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰብኳቸው ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ልጆቹ እንደኔ እንዳይዘገዩ ፈለግሁ።

የእኛ በጋ በአውሮፓና በሳይቤሪያ ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ምግብ ያጣሉና ዳክዬዎቹ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ፤ ብዙዎቹ የሚበሩትም በሌሊት ነው። ዝዋይ ጥልቀቱ ባማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ቢያሳስብም፣ በዳሩ ባለው ደንገል መካከል ዳክዬ ጭንቅላቱን ደፍቶ ምግቡን ይለቅማል። ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለውን አየን፤ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውንም አየን። ልጆቹን ያሳቃቸው ግን የዓሣ ፍርፋሪ ሊለምን እንደ ሽማግሌ አቀርቅሮ የቆመው አባ ኮዳ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ምንቃረ ሰፊው ወንዱ ዳክዬ ክንፉ ላይ ሰማያዊ አለው፤ ሲበር ነው በደንብ የሚታየው። መጀመሪያ ላሳየኝ ይህን እስክሪብቶ እሸልማለሁ» አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ዳክዬዎቹ አልተነሱም። ከሁሉም ዝምተኛ የሆነው የ10 ዓመት ልጅ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። መንጋው ተነሳ፤ ሰማያዊው ብልጭ አለ፤ ልጆቹ «ሱብሐነላህ!» ብለው ጮኹ። አንዱ ግን አልተነሳም።

መረቡን ሲያበጅ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ውሃው ውስጥ ገብቶ አመጣልን። የክንፉ አጥንት ቆዳውን ቀድዶ ወጥቷል።

«ኡስታዝ፣ አይድንም?» አለኝ ልጁ።

«አይድንም፣ ልጄ።»

በድንጋይ ተመትቶ የሞተ እንደማይበላ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በአላህ ስም ያረዱት ግን እንደሚበላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ቤቴ ዶሮ አርዳለሁ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌው ቢላዋውን ከወገቡ አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ምን ይጠብቃሉ? እየተሰቃየ ነው እኮ» አለኝ።

ወደ ቂብላ አዞርኩት። ከዝዋይ ቂብላ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ የመጣበትም አቅጣጫ ያው ነው። ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብዬ አረድኩት።

ሥጋውን ለሽማግሌው ሰጠን። ልጁ አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሞጆ ድረስ በመስኮት እያየ ሄደ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሽልማት ባልል ኖሮ ድንጋዩን እንደማያነሳ በሁሉም ፊት ነገርኩት። «ክንፉን እንዲያዩት ብዬ ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አንድ ወላጅ በማግስቱ «ለአንድ ዳክዬ ይህን ያህል?» ብለው ሳቁብኝ። መልስ አልሰጠሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱረቱል ሙልክን ሲቀራ እዚያ አያ ላይ ቆመ። ረስቶት አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድሜ አስታውሰው ነበር፤ ያን ቀን ጠበቅሁት። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

እስክሪብቶው አሁንም የደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ሰማያዊውን መጀመሪያ ያሳየን እሱ ነበር።