የድንበር ምልክት

ቤታችን ቀራንዮ ነው። ሁለታችንም መጀመሪያ የተማርነው ኬሚስትሪ ነው፤ ሕግን የተማርነው ከተጋባን በኋላ በማታ ነው። ሥራችን የፈልሳፊዎችን የፓተንት ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁን ግን ማስረዳቱ ስለሚረዝም «ጠበቆች ነን» ብለን እናልፋለን።

የማመልከቻው ልብ ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ ፈልሳፊው «ከዚህ እስከዚህ የእኔ ነው» የሚልባቸው። ሳይንስ መማራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ የምንፈተነውም እዚሁ። አንዲት ቃል ሰፋ ካደረግን ወሰኑ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባል።

የጤፍን ነገር አስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ያቦኩትን! የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በአውሮፓ የፓተንት ወኪል ለመሆን የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ይጠየቃል። እንግዲህ ያንን ወሰን የጻፈው እንደ እኛ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

አምና አንድ ብየዳ ቤት ያለው ወንድም አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞልን መጣ። ተበድሮ የሠራው ነው፤ ጾሞ ጸልዮበታል። ስንፈትሽ አብዛኛው ነገር ቀድሞ ተሠርቷል፤ የእርሱ የሆነው ከምጣዱ ሥር ሙቀት የሚይዘው ንጣፍ የሚታሰርበት ዘዴ ብቻ ነው። አሳዘነን። (ክፍያውም አስፈልጎን ነበር፤ አንዋሽም።) ምጣዱን በሙሉ የእርሱ የሚያደርግ አንቀጽ ጻፍንለት።

የዚያን ሌሊት በቤተሰብ ጸሎታችን ንባቡ ዘዳግም 19 ላይ ደረሰ፤ የባልንጀራን የድንበር ምልክት ስለሚያነሣ ሰው። ማንበቡን አቋረጥን። ልጆቹ «ጨረስን?» አሉ።

በማግስቱ አንቀጹን ሰርዘን ጠራነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 123 «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል መብት እንዳለ፣ ለአምስት ዓመት እንደሚሰጥና ለሌላ አምስት ዓመት እንደሚታደስ ነገርነው።

«ሌላ ሰው ጋ ብሄድ ሙሉውን ይጽፍልኛል» አለን። እውነቱን ነው፣ አያጣም። ከዚያ ቀስ ብሎ «አነስተኛ የሚለው ቃል የግድ ይጻፋል?» አለ።

ሁለት እሑድ ከእኛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ የንጣፉን ማሰሪያ በወረቀት ስሎ፣ ልኬቱን በሚሊሜትር ጽፎ መጣ።