የሂሳብ ወረቀት ስንት ያወጣል?

በአንድ ብሎክ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ከመካከላችን አንዱን ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ልከን የሂሳብ አያያዝ ለማስተማር ገንዘብ ማዋጣት ከጀመርን ወራት አለፉ። ሰፈሩ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የሕንድ ነጋዴዎች መኖሪያ ነው፤ ነጋዴ ባለበት ደግሞ መዝገብ የሚይዝ ሰው አይጠላም ብለን ነው።

ወጪውን ስንጽፍ በትምህርት ቤቱ ክፍያ አላበቃንም። የቤት ኪራይ፣ የማታቱ፣ የካስኔብ ምዝገባና የፈተና ክፍያ አለ። ከሁሉ የከበደን ግን ደረሰኝ የማይቆረጥለት ነው፦ ልጁ እዚህ ቢቀር የሚያገኘው ኢንሴንቲቭ። እሱ ሲቋረጥ የእናቱ ከሰልና ስኳርም ይቋረጣል።

በገቢው ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ተከራከርን። ካምፕ ውስጥ ስደተኛ ሠራተኛ የሚከፈለው ኢንሴንቲቭ እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ስለዚህ ተምሮ ወደዚሁ ከተመለሰ ወረቀቱ ወጪውን አይመልስም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ የአገሩ ባለሥልጣን የሚያውቀው ማስረጃ ያለው ስደተኛ በሙያው እንዲሠራ መብት ይሰጠዋል። ካስኔብ ደግሞ ከ1969 ጀምሮ የሂሳብ ባለሙያዎችን የሚፈትን የአገሩ ቦርድ ነው። ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ይዞ የመጣው ጎረቤታችን «ይህ እዚህ ይታወቃል?» ሲባል ነው የኖረው። የሥራ ፈቃዱ እርግጥ ለብቻው ደጅ ያስጠናል፤ ይህንንም በወጪ በኩል ጽፈነዋል።

በመጨረሻ ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ልንከፍል ተስማማን። ያን ካለፈና በትርፍ ሰዓቱ የአንድ ሱቅ መዝገብ እንኳ ካገኘ፣ ለሚቀጥለው እናዋጣለን። የመውጫ ፈቃዱ ማመልከቻ ማክሰኞ ይገባል።