የሰማይ ሸርተቴ

እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላችሁ ከዳገቱ አናት እስከ ታች በሣር ላይ የተንሸራተታችሁ፣ ቀሚሳችሁ ከኋላ አረንጓዴ ሆኖ እናታችሁ እንዳታይ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛችሁ ጓዳ የገባችሁ፣ እስቲ ቡናችሁን ቅዱና ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ አለኝ። በፈረንጅ 2025፣ ግንቦት ላይ፣ ታናሻችን 59 ታላቃችን 66 የሆንን ሰባት ሴቶች ሮለር ኮስተር ልንሳፈር ሄደን በሰላም ተመለስን። ጥርሳችንም ዊጋችንም ከእኛው ጋር ተመልሷል።

ይህ ሁለተኛችን ነው። የመጀመሪያው በ1989 ነበር፤ በመሀሉ 36 ዓመት አለፈ። ቦታው ያው ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ 75 ማይል ያህል ተነድቶ፣ ሪችመንድ ሳይደረስ፣ ዶስዌል ቨርጂኒያ የሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን የተባለው መዝናኛ። የተከፈተው በ1975 ነው፤ ታላላቆቻችን ለዕድገት በኅብረት ዘምተው ገጠር በነበሩበት ዓመት። እኛ ሣር ለሣር ስንንከባለል ፈረንጅ ሸርተቴውን ሰማይ ላይ ሰቅሎት ኖሯል! ያን ጊዜ አንዷ ጓደኛችን ቀና ብላ አይታ «ይሄ እኮ የሰማይ ሸርተቴ ነው» አለች፤ እኛ ዘንድ መጠሪያው እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

የያኔውን ጉዞ አራት ዓመት ጠበቅነው ብል ታምኑኛላችሁ? የቸገረን ገንዘብ ብቻ አልነበረም፣ ቀን ነው እንጂ። አንዷ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ አንዷ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ አንዷ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ታድራለች፣ እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ከመስታወት ሣጥን ሆኜ ብር እቀበላለሁ። የእኔ ኦፍ ማክሰኞ፣ የሷ ኦፍ ሐሙስ፣ የዚያችኛዋ ኦፍ ጭራሽ የለም። ሰባት ኦፍ አንድ ቀን ላይ እስኪገጥም ድረስ አሜሪካ ሬገንን ሸኝታ ቡሽን ተቀበለች።

ዛሬስ? ዛሬ ግማሾቻችን ጡረታ ወጥተናል፤ ኦፍ እንደ ጉድ ሞልቷል፤ የጠፋው ቀን ነው! ቫይበር ላይ ግሩፕ ተከፈተና ክርክሩ ተጀመረ። ሰኔ የሐዋርያት ጾም ነው። ሐምሌ የሐበሻ ኳስ ውድድር ነው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። መስከረም ዘመን መለወጫ ነው። ግንቦት ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሠርግ ነው። አንዷ የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ አለባት፣ ሌላዋ የልጅ ልጇ ከመዋዕለ ሕፃናት ይመረቃል፤ አዎ፣ ዛሬ ከመዋዕለ ሕፃናትም በካባ ይመረቃል። በመጨረሻ ሠርግ የሌለባት አንዲት ቅዳሜ ስትገኝ ዲቪ እንደደረሰው ሰው እልል አልን።

ያኔ የሄድነው አምስት ሰው በምትይዝ አሮጌ ዳትሰን፣ ሰባት ሆነን፣ አንዷ በአንዷ ጭን ላይ ተደራርበን ነው። ኤሲ የላትም፤ መስኮቱ በእጅ ይዞራል፤ ከአራቱ አንዱ አይዞርም። የአስቴር አወቀን ካሴት ከፍተን፣ ቴፑ ክሩን ሲበላው በእርሳስ እየጠመጠምን፣ ካርታ አንባቢ ብለን የሾምናት ጓደኛችን ካርታውን ዘቅዝቃ ይዛው ኖሮ መውጫውን አልፈን ሪችመንድ ገባን። ዘንድሮ የጓደኛችን ልጅ በስምንት ወንበር ቫን እንደ ንጉሥ ቤተሰብ አንፈላሶ ወሰደን። መንገዱን የሚናገረው ስልክ ነው፤ ያቺ የጥንቷ ካርታ አንባቢ ግን ሹመቷን አለቅም ብላ ከስልኩ ጋር ስትሟገት ዋለች፤ «አንተ ልጅ፣ እሱን አትስማው! እኔ ይሄን መንገድ በ1989 ሄጄበታለሁ።» ልጁ ጨዋ ነው፤ «እሺ አክስቴ» አለና ስልኩን ሰማ።

ስንቁንማ አታንሱብኝ። ያን ጊዜ ጤፍ በአሜሪካ ከወርቅ አይተናነስም ነበር። ታስታውሱ የለም፣ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት በሶዳ ውሃ በጥብጠን በማይያዝ መጥበሻ ላይ የምንጋግረው፣ ዓይን ያወጣ ዕለት ጎረቤት ጠርተን የምናሳየው ነጭ እንጀራ? እሱን ይዘን፣ ዶሮ ወጡን በፎጣ ጠቅልለን፣ በር ላይ ስንደርስ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ተባልን። ምን ይደረጋል! ተመልሰን መኪና ማቆሚያው ላይ የዳትሰኗን ኋላ ከፍተን ተጎራረስን። የሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ በአፍንጫው ቆሞ፣ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዘንድሮ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ ከነትኩሳቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ አጠገብ ካለው ሱቅ ገዛሁ። ምግብ ግን ዛሬም አይገባም፤ ዛሬም መኪና ማቆሚያው ላይ ተጎራረስን። አንድ ፀጉሩን ያስረዘመ ፈረንጅ ጎረምሳ በአጠገባችን ሲያልፍ አየት አድርጎን ምን አለ መሰላችሁ? «ዶሮ ወጥ!» በስሙ ጠርቶት ሄደ!

ከበሩ እንደገባችሁ ፊት ለፊት ኤፍል ማማ ተገትሯል፤ የፓሪሱ አንድ ሦስተኛ። በ1989 እግሩ ሥር በሰልፍ ቆመን ፎቶ ተነሣን፤ በ36 ፎቶ ፊልም፣ አንዷን ቁልፍ ለመጫን ሰባት ሰው ተመካክሮ። ያን ፎቶ ለእናቴ አዲስ አበባ ላክሁላት። ደብዳቤው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ፈጀ። መልሱ ሲከፈት እንዲህ ይላል፤ «ልጄ ሆይ፣ ፈረንሳይ አገር በሰላም መግባትሽን አይቼ አምላኬን አመስግኛለሁ፤ ግን አሜሪካኖቹ ምን በደሉሽ?» ለካስ ሰፈሩ በሙሉ ፎቶውን እየተቀባበለ ፓሪስ ለመሆኑ መስክሮ ኖሯል። እኔም የለም እማዬ፣ መዝናኛ ነው፣ ቨርጂኒያ ነው ብዬ ጻፍሁ፤ እሱ ደግሞ ደርሶ እስኪታመን ድረስ በሰፈራችን ሂሳብ ሦስት ወር ሙሉ ፓሪስ ኖርሁ።

ዘንድሮ እዚያው ማማ ሥር፣ በዚያው ቅደም ተከተል ቆምን። ልጁ በአንድ ደቂቃ 36 ጊዜ አነሣን፤ አንድም ሳንመካከር። ገና ከቦታችን ሳንነቃነቅ ስልኬ ጮኸ፤ እኅቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ፤ «እናንተ! ዛሬም ፓሪስ ናችሁ?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ያኔ የተሳፈርንበት የእንጨት ሮለር ኮስተር ረበል የል ይባል ነበር፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ወታደሮች ያሰሙት የነበረ የጦርነት ጩኸት ነው። በ2018 ስሙን ለውጠው ሬሰር 75 አሉት። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ሁለት ባቡር የሚሽቀዳደሙበት ነው። ሰንሰለቱ ከሥር ይይዝና ወደ አናቱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ይጎትታችኋል፤ በቀስታ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው በቀስታ። እኛማ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ጀምረን ጨርሰን፣ ስለትም ተስለን፣ ወደ ኋላ ዞረን ተሰነባብተን ነው አናቱ ላይ የደረስን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ጩኸቴን ግን አስታውሳለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ።

ዘንድሮ ያ በቫን የወሰደን ልጅ፣ መሐንዲስ ነውና፣ ሰልፍ ላይ ቆመን ምሥጢሩን ገለጠልን። ቀጭ ቀጭ የሚለው ሠረገላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው አለ። ሰንሰለቱ አናት ላይ ለቀቃችሁ ማለት ደግሞ ሥራው አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነዳችሁ የገዛ ክብደታችሁ ነው፣ ሞተር የለውም። «ሞተር የለውም?» አልን ስድስታችን በአንድ አፍ። ያኔ ባለማወቃችን እግዚአብሔር ይመስገን!

ከብረቱ ወገን ደግሞ በ2010 የተተከለ አንድ አለ። ስሙን እየለዋወጡ አስቸገሩን እንጂ ቁመቱ አልተለወጠም፤ 305 ጫማ፣ ከኤፍል ማማው ጋር ሊተካከል ጥቂት የቀረው ነው። በሰዓት 90 ማይል ይወረወራል። እሱን የደፈርነው ሦስት ብቻ ነን። ይህኛው በገመድ ነው የሚጎተተው፤ ቀጭ ቀጭ የለም፣ መሰነባበት የለም፤ ፀጥ ብሎ ሽቅብ ይተኮሳል። ያኔ አንድ ሙሉ ጸሎት ያደረሰች ሴት ዘንድሮ «በስመ አብ» ብላ «ወወልድ» ሳትል ቁልቁል ወረደች። ቀሪውን ታች ደርሳ ጨረሰችው። ስወርድ ትዝ ያለኝ በልጅነቴ ወደ ሶደሬ ስንሄድ ናዝሬት ላይ የተሳፈርንበት ጋሪ ነው፤ ፈረሱ ሲደነብር እንዲሁ ሆዴ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሮለር ኮስተር በ1884 ኮኒ አይላንድ ላይ፣ በአምስት ሳንቲም፣ በሰዓት ስድስት ማይል ነበር የሚሄደው አሉ። የናዝሬት ጋሪ ትቶት ይሄድ ነበር!

ያኔ ቆመው የሚሳፈሩበትም ነበረ፤ ሾክዌቭ ይባላል፣ በ2015 ነቅለውታል። ሆቴል የምትሠራው ጓደኛችን «ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ኦፌን ደግሞ ከፍዬ ልቁም?» ብላ እምቢ ያለችበት ነው።

በየመግቢያው የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያኔ ማን ያነበው ነበር! ዘንድሮ መነጽር አውጥተን አነበብነው። የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ የጀርባ፣ የአንገት ችግር ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ይላል። የቫይበር ግሩፓችንን የስም ዝርዝር ማን አሳያቸው? የቁመት መለኪያውም እንዳለ አለ። በ1989 ጠባቂው ታናሻችንን አላምንም ብሎ ሁለት ጊዜ ለክቷት ነበር። ዘንድሮ እሷው ራሷ መለኪያው ሥር ሄዳ ቆመች፤ «እያጠርኩ ነው መሰለኝ፣ ሳልከለከል ቶሎ እንሳፈር» አለች።

የመጨረሻዋን ነገር ግን ሆን ብዬ አቆይቻታለሁ። በ1989 ለሎከር የሚሆን ሳንቲም ማውጣት መዘረፍ ስለመሰለን፣ ከሰባታችን አንዷ የስድስታችንን ቦርሳ፣ ሹራብና ጫማ ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ውላለች። ቦርሳ ጠባቂያችን። «እኔ ከፍታ አልወድም፣ ሂዱ» አለችን፤ እኛም አመንናት። ከዚያ ወዲህ 36 ዓመት፣ ሠርግም ቢሆን፣ ክርስትናም ቢሆን፣ ጭፈራ ሲጀመር ቦርሳችን የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ዘንድሮ ሬሰር 75 ዘንድ ስንደርስ በልማዷ እጇን ዘርግታ ቦርሳ ልትቀበል ስትል፣ ልጁ ሁሉንም ሰብስቦ ሎከር ውስጥ ቆልፎታል። የምትጠብቀው ነገር አጣች! ግራ ቀኝ አየች፣ ባዶ እጇን አየች፣ ባዶ እጅ ደግሞ ለካ ሰውን ይደፍራል፤ ዝም ብላ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጸሎቱን አብረን አደረስን። አናቱ ላይ እጄን ጨበጠችኝ። ስንወርድ ሁላችን ጮህን፤ እሷ ብቻ ዝም። ሁለተኛው ጉብታ፣ ዝም። ሦስተኛው፣ ዝም። «አንቺ፣ ደህና ነሽ?» አልኋት። ዝም። ባቡሩ ቆመ፣ ብረቱ ተነሣ፣ ደግፈን አወረድናት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ አንድ በአንድ ዓይናችንን አየች፣ ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ?

«ይሄን ነው 36 ዓመት የደበቃችሁኝ?»

መነጽሯን አወለቀች፤ ነጠላዋን ገፍፋ ከመነጽሩ ጋር እኔ ላይ ጫነችብኝና ሰልፉ ውስጥ ተመልሳ ገባች። እኔማ ለዚያ ቀን ጉልበቴ በቅቶት ነበር፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ሄጄ ቁጭ አልሁ። ነጠላዋን ታቅፌ፣ መነጽሯን ይዤ፣ ሽቅብ እያየሁ ጠበቅኋት።